ስልካችን ቲቪ ላይ ሲወጣ አብሮት ምን ይወጣል?



ደርስ ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው የሚድያ ክፍላችን በብዛት የሚጠየቀው «ስልኬ ከቲቪው ጋር ለምን አልገናኝ አለ?» የሚል ጥያቄ ነው። ዋይፋይ አለ፣ ቲቪው ስማርት ነው፣ ስልኩም አዲስ ነው፤ ግን አይተያዩም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ያለ አንዳች ችግር ይገናኙና፣ ኡስታዙ ማብራሪያ ሊጀምሩ ሲሉ የስልኩ ባለቤት የግል መልእክት ከኪታቡ ገጽ በላይ ብቅ ብሎ የተሰበሰበው ሁሉ ያነበዋል። የመጀመሪያው ጊዜ ያባክናል፤ ሁለተኛው ግን የሰው ሐያእ ይነካል። ሁለቱንም ለመከላከል ሴቲንግ ውስጥ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር መለየት አለብን፤ ስልኩ ወደ ቲቪው የሚልከው ምንድን ነው?

በአፍ ልማድ «ስልኩን ቲቪ ላይ አውጣው» ስንል ሁለት የማይመሳሰሉ ሥራዎችን በአንድ ስም እየጠራን ነው። አንደኛው ስክሪን ሚረሪንግ ነው፤ እንደ መስታወት ማንጸባረቅ ማለት ነው። ስልኩ የራሱን ስክሪን በሰከንድ ብዙ ጊዜ ፎቶ እያነሳ፣ እያመቀ፣ ያለማቋረጥ ወደ ቲቪው ይልካል። በስልኩ ላይ የሚታየው ሁሉ፣ ጣታችን የነካው አፕም ከላይ የወረደው ኖቲፊኬሽንም፣ ቲቪው ላይ ይታያል። ሁለተኛው ካስት ማድረግ ነው። እዚህ ላይ ስልኩ ምስል አይልክም። ለቲቪው «ይህን ቪዲዮ ከዚህ አድራሻ አምጣ» ብሎ ይነግረዋል፤ ቲቪው በራሱ ኢንተርኔት ሄዶ ያመጣዋል። ስልኩ ከዚያ በኋላ እንደ ሪሞት ብቻ ነው የሚያገለግለው።

የትኛውን እየተጠቀማችሁ እንደሆነ ለማወቅ ቀላል መፈተኛ አለ። ቪዲዮው እየሄደ የስልኩን ስክሪን አጥፉት። ቲቪው ከቀጠለ ካስት ነው። አብሮ ከጠፋ ወይም ከቆመ ሚረሪንግ ነው። የዩቲዩብ አፕ ውስጥ ያለችው የካስት ምልክት የምትሠራው በሁለተኛው መንገድ ነው፤ ስለዚህ ሙሓደራ ከዩቲዩብ ለማሳየት እሷ ትሻላለች። ስልኩ አይግልም፣ ባትሪው አያልቅም፣ መልእክት ቢመጣም ማንም አያየውም። ጉዳቱ ቲቪው ራሱ ኢንተርኔት የሚፈልግ መሆኑ ነው። የአንድ ወንድም ሆትስፖት ላይ ካያያዝነው ወጪው ከእርሱ ፓኬጅ ነው፤ በ1080 ጥራት የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ከ1 ጊጋባይት በላይ ሊበላ ይችላል። ቀድሞ ሳይነገረው የወንድምን ዳታ መጨረስ ደግሞ ሐቅ አለበት።

ቪዲዮው ወይም ፒዲኤፉ ቀድሞ ስልክ ላይ ከወረደ ግን ሚረሪንግ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ብዙዎቻችን የማናምነው ይህን ነው። ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ ነገር አይደሉም፤ ዋይፋይ በሁለት ዕቃዎች መካከል ያለ የሬዲዮ መንገድ ነው፤ ኢንተርኔት በዚያ መንገድ ላይ ሊመጣም ላይመጣም ይችላል።

«ታዲያ ለምን በብሉቱዝ አንልከውም?» የሚል ጥያቄም ይመጣል። መልሱ ሒሳብ ነው። አንድ ፉል ኤችዲ ምስል 1920 በ1080 ነጥቦች አሉት፤ እያንዳንዱ ነጥብ 24 ቢት ቀለም ይይዛል፤ በሰከንድ 30 ምስል ቢላክ ወደ 1.5 ቢሊዮን ቢት ይሆናል። ድምፅና ፋይል የምንላላክበት የተለመደው ብሉቱዝ በሰከንድ 3 ሚሊዮን ቢት እንኳ አይሞላም። ዋይፋይም ቢሆን ጥሬውን አይችለውም። ስለዚህ ስልኩ ምስሉን ኤች 264 በመሰለ ዘዴ በመቶ እጥፍ አካባቢ ያምቀዋል፤ ቲቪው ደግሞ ይፈታዋል። ስልካችን በሚረሪንግ ጊዜ የሚግለው፣ ምስሉም ከእጃችን ትንሽ ዘግይቶ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ማመቅ ጥቃቅን ነገር ያደበዝዛል፤ የዐረብኛ ነጥቦችና ሐረካዎች ደግሞ ጥቃቅን ናቸው። ፈትሓና ደማ ከሩቅ ካልተለዩ ደርሱ ደርስ አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ነገር ብዙ ይረዳል፤ ስልኩን አግድም አዙሩት። የዛሬ ስልኮች ብዙዎቹ 20 ለ9 ገደማ ናቸው። ቀጥ ብለው ሲቆሙ ከቲቪው 1920 ነጥብ ወርድ የሚይዙት 486 ገደማ ብቻ ነው፤ ሩቡ ማለት ነው፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል። አግድም ሲሆኑ ከስክሪኑ 80 በመቶውን ይሞላሉ። ከዚያ ገጹን ማስፋት ነው። አጁሩሚያን የመሰለ አጭር መትን ሲቀራ በአንድ ጊዜ ሦስት አራት መስመር ብቻ ቢታይ ማንም አይጎዳም፤ መድረሳ ሳለን ሎህ ላይ ከዚያ በላይ አይጻፍልንም ነበር።

አሁን ወደ ስሞቹ። የአንድሮይድ ስልኮች አብዛኞቹ የሚጠቀሙት ሚራካስት የሚባለውን ነው። በ2012 ዋይፋይ አሊያንስ የሚባለው ማኅበር ያወጣው መለኪያ ሲሆን፣ ስልኩና ቲቪው በመካከል ራውተር ሳይኖር በቀጥታ ይያያዛሉ። ችግሩ ኩባንያዎቹ በአንድ ስም አለመጥራታቸው ነው፤ ሳምሰንግ ስልክ ላይ «ስማርት ቪው»፣ ሁዋዌ ላይ «ዋየርለስ ፕሮጀክሽን»፣ ሌሎች ላይ «ካስት» ወይም «ዋየርለስ ዲስፕሌይ» ይባላል። በቲቪው በኩልም ኤልጂ «ስክሪን ሼር»፣ ሂሴንስ «ኤኒቪው ካስት» ይለዋል። ስልኩ ላይ ከመፈለግ በፊት ቲቪው ላይ ይህን ገጽ ከፍቶ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ቲቪዎች ገጹ ካልተከፈተ ራሳቸውን አያሳዩም። አይፎን ሚራካስትን አያውቅም፤ የሚጠቀመው ኤርፕሌይን ነው። ከ2019 ወዲህ ሳምሰንግ፣ ኤልጂና ሶኒ በብዙ ቲቪዎቻቸው ላይ ኤርፕሌይን አስገብተዋል፤ ቲቪው ከሌለው ግን አይፎኑን ይዞ ከመታገል የሌላ ሰው አንድሮይድ መለመን ይቀላል። የጉግል ፒክስል ስልኮችም ሚራካስትን ትተው የጉግልን ካስት ብቻ ነው የሚጠቀሙት።

በግቢ ዋይፋይ ላይ ለምን እንደማይሠራ አሁን መረዳት ይቻላል። ኤርፕሌይና ጉግል ካስት ስልኩና ቲቪው አንድ ኔትወርክ ላይ ሆነው እንዲፈላለጉ ይፈልጋሉ፤ ስልኩ «ቲቪ አለ?» ብሎ በኔትወርኩ ላይ ይጣራል፣ ቲቪው «አቤት» ይላል። በብዙ ሰው የሚሠራባቸው ኔትወርኮች ግን ለደኅንነት ሲባል አንዱ ተጠቃሚ ሌላውን እንዳያይ ተደርገው ይዘጋጃሉ። ጥሪው አይደርስም። በዚህ ላይ የመግቢያ ስምና ፓስወርድ የሚጠይቀውን ገጽ ብዙ ቲቪዎች አይከፍቱትም። መፍትሔው ሦስተኛ ስልክ ሆትስፖት ከፍቶ ሁለቱንም እዚያ ላይ ማያያዝ ነው። ለኤርፕሌይ ሚረሪንግ የሆትስፖቱ ዳታ ጠፍቶም ይሠራል፤ ዳታው ካልጠፋ ደግሞ ቲቪው በዚያው አጋጣሚ ራሱን አፕዴት ማድረግ ሊያምረው ይችላል።

ቲቪ በሌለበት፣ ፕሮጀክተር ብቻ ባለበት አዳራሽ ደግሞ ላፕቶፕ ያስታርቃል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ «ዋየርለስ ዲስፕሌይ» የሚባለውን ተጨማሪ ክፍል ቀድሞ መጫን ነው፤ ከዚያ ላፕቶፑ ራሱ የሚራካስት ተቀባይ ይሆናል፣ ከፕሮጀክተሩ ጋር በኬብል ይያያዛል።

ስለ ኬብል ካነሳን፣ የእኛ ምርጫ ኬብል ባለበት ሁሉ ኬብል ነው። አይዘገይም፣ አይቆራረጥም፣ የጎረቤት ዋይፋይ አይረብሸውም። ነገር ግን የታይፕ ሲ ቀዳዳ ያለው ስልክ ሁሉ ምስል አያወጣም። ቀዳዳው «ዲስፕሌይፖርት» የሚባለውን ምልክት የሚያስተላልፍ መሆን አለበት። እንደ ጋላክሲ ኤስ 8 ያሉና ከዚያ ወዲህ የመጡ የኤስ ስልኮች፣ ከአይፎን 15 ጀምሮ ያሉ አብዛኞቹ አይፎኖችም ያስተላልፋሉ፤ በዋጋ ዝቅ ያሉት ብዙዎቹ ግን ቻርጅና ፋይል ብቻ ነው። ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ቢልም አስማሚውን በራሳችሁ ስልክ ሳትሞክሩ አትግዙ።

እህቶች በኩል ያለው ቲቪ

በደርስ ጊዜ ከመጋረጃ ወዲያ የሚቀመጡት እህቶች የኡስታዙን ድምፅ በማይክ ይሰማሉ እንጂ ኪታቡ ላይ የትኛው መስመር ላይ እንዳሉ አያዩም። ለዚህ ሚረሪንግ ከምናውቃቸው መፍትሔዎች ሁሉ ርካሹ ነው። ስልኩን ከኪታቡ በላይ በማቆሚያ ማሰር፣ ካሜራውን መክፈት፣ ስክሪኑን እህቶች በኩል ወዳለው ቲቪ መላክ። የኡስታዙ ጣት የሚያርፍበት ቃል በቀጥታ ይታያል። ምስሉ ከድምፁ ጥቂት እንደሚዘገይ ለኡስታዙ ቀድሞ መንገር ይጠቅማል፤ ጣታቸውን ትንሽ አቆይተው እንዲያነሱ። መጋረጃ ዋይፋይን አያግድም፤ የብሎኬት ግንብ ግን በተለይ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለውን ያዳክመዋል፤ ስለዚህ ስልኩን ለግንቡ ሳይሆን ለበሩ ወይም ለመጋረጃው ማቅረብ ይሻላል። አንዳንድ የካሜራ አፖች ሳይነኩ ከቆዩ ራሳቸውን ይዘጋሉ፤ አንድ ሰው አጠገቡ ሆኖ አልፎ አልፎ ይንካው።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። ስልኩ መጀመሪያ ይታሰር፣ ካሜራው ኪታቡን ብቻ ማየቱ ይረጋገጥ፣ ከዚያ ሚረሪንጉ ይከፈት። ሚረሪንጉ ተከፍቶ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ካሜራው መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ እያሳየ ነው የሚሄደው።

የስልኩ ባለቤት አማና

መልእክት እንዳይመጣ ብዙዎቻችን «ዱ ኖት ዲስተርብ» እንከፍታለን። በብዙ ስልኮች ላይ እርሱ በራሱ የሚያጠፋው ድምፁን እንጂ ምስሉን አይደለም፤ ጽሑፉም እንዲደበቅ ለብቻው መምረጥ ያስፈልጋል። ከዚያ የሚሻለው ይህ ነው፤ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ማድረግ፣ ከዚያ ዋይፋይን ብቻ መልሶ ማብራት፣ ግን ከየትኛውም ኔትወርክ ጋር አለማገናኘት። ሚራካስት በቀጥታ ስለሚያያዝ ይሠራል፤ ጥሪም፣ አጭር መልእክትም፣ ቴሌግራምም መግቢያ የላቸውም።

ከመልእክት የሚብሰው ግን እኛው ራሳችን የምንከፍተው ነው። ፒዲኤፉን ከቴሌግራም ውስጥ ሊከፍት የገባ ሰው በመጀመሪያ የሚያሳየው ከማን ከማን ጋር እንደሚጻጻፍ የሚዘረዝረውን ገጽ ነው። ስላይድ ፍለጋ ጋለሪ የገባ ሰው የእናቱንና የእህቶቹን ያለ ሒጃብ የተነሱ ፎቶዎች በትልቅ ስክሪን ዘርግቶ ነው የሚፈልገው። የዩቲዩብ መፈለጊያን ሲነኩት የቆዩ ፍለጋዎች ይወርዳሉ። ፓስወርድ ሲጻፍ እያንዳንዱ የተነካ ፊደል ለዓይን ብልጭ ይላል። አንዳንድ የባንክ አፖች ይህን አውቀው ቲቪው ላይ ጥቁር ሆነው ይታያሉ፤ ሌላው አፕ ግን አይደብቅልንም። ስለዚህ የሚታየው ፋይል ከመገናኘቱ በፊት ተከፍቶ ይጠብቅ። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ሲም የሌለው፣ የማንም አካውንት ያልገባበት አንድ ያረጀ ስልክ ለጀመዓው መመደብ ነው፤ ስክሪኑ ጥጉ ላይ ቢሰነጠቅም ቲቪው ላይ ስንጥቁ አይታይም።

በተመልካች በኩልም ድርሻ አለ። የወንድም ወይም የእህት ነገር ሳይፈልጉት ብቅ ቢል ዓይንን መመለስ፣ ፎቶ አለማንሳት፣ ከደርስ በኋላም መቀለጃ አለማድረግ ሲትር ነው።

ዶርም ውስጥ ሌላ ነገርም ያጋጥማል፤ ሚራካስት ሲፈልግ የጎረቤት ክፍል ቲቪም በዝርዝሩ ይመጣል። በሱረቱ አን-ኑር የሰው ቤት ከመግባታችን በፊት ፈቃድ እንድንጠይቅ ታዘናል፤ በዋይፋይ የሚገባም ገባ ይባላል ብለን እናምናለን። የጀመዓችንን ቲቪ ስም ለይቶ መሰየምና ሲገናኝ ፒን እንዲጠይቅ ማድረግ ከሁለቱም ወገን ስሕተት ይጠብቃል።

ሲጨርሱ የቲቪውን ሪሞት ብቻ መጫን አይበቃም። ከስልኩ ላይ «ዲስኮኔክት» በሉ፣ የካስት ምልክቱ ከላይ መጥፋቱን እዩ። እንግዳ ኡስታዝ በስልካቸው ያሳዩ እንደሆነ ከመሄዳቸው በፊት የስልካቸውን ስም ከቲቪው የተገናኙ ስልኮች ዝርዝር አጥፉላቸው፤ በዩቲዩብ አካውንታቸው ቲቪው ላይ ገብተው ከሆነም ሳይን አውት አድርጉላቸው።