ካሣ ያልተቈረጠለት ጎረቤት

ስለ አዲስ አበባ ቆሻሻ የሚነገረው ነገር ብዙና እርስ በርሱ የሚጋጭ በመሆኑ፥ ቆሼ የተባለው የረጲ ክምር ተዘጋ ሲባል፥ በሰንዳፋ አዲስ ማስወገጃ ተሠራ ሲባል፥ እሱም ቆመ ሲባል፥ ረጲ ተመልሶ ተከፈተ ሲባል፥ ደግሞም ቆሻሻው ተቃጥሎ መብራት ሊሆን ነው ሲባል እየሰማ የኖረ አንባቢ፥ ከእነዚህ ሁሉ የቱ ጸንቶ የቱ እንደ ቀረ መለየት ቢያቅተው አይፈረድበትም። ነገሩን የሚያስረዱ ሰዎች አንዳንዶቹ የገንዘብ እጥረትን፥ ሌሎቹ የሙያ ጕድለትን፥ የሚበዙት ደግሞ በከተማውና በኦሮሚያ ክልል መካከል ያለውን የፖለቲካ ውጥረት ሰበብ አድርገው ያቀርባሉ፤ ሦስቱም ከእውነት የራቁ አይደሉም። ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ትኩረት ተነፍጎት የኖረ፥ እኔም የነገሩ ሥር ነው የምለው አንድ ሰበብ አለ፤ ይኸውም ሕጋችንና የአስተዳደር ልማዳችን መሬቱን ለቅቆ ለሚሄደው ሰው ዋጋ ሲቈርጡለት፥ መሬቱን ሳይለቅ ከቆሻሻው አጠገብ ለሚቀረው ሰው ምንም አለመቍረጣቸው ነው።

በፈረንሳይ የልማት ድርጅት የገንዘብ ድጋፍ የተሠራው የሰንዳፋ ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ፥ በአካባቢው ገበሬዎች ብርቱ ተቃውሞ ምክንያት ዓመቱ ሳይፈጸም ቆመ፤ የጭነት መኪኖቹም ወደ ረጲ ተመለሱ። ያ ዓመት አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር በአንድ ለማቀድ በታሰበው ማስተር ፕላን ሰበብ ኦሮሚያ በሙሉ የተናወጠችበት ዓመት ስለ ነበረ፥ የሰንዳፋ መዘጋት የዚያው ነውጥ አንድ ክፍል ተደርጎ ይተረጐማል፤ ጊዜው ሰላም ቢሆን ኖሮ ገበሬው ዝም ይል ነበር የሚሉም አሉ። እኔ ግን ይህን እጠራጠራለሁ። የገበሬዎቹ አቤቱታ ስለ ሽታው፥ ስለ ውሃው፥ ስለ ከብቱ ነበር፤ ይህ ደግሞ ሰላም ይሁን ሁከት ከማስወገጃ አጠገብ የሚኖር ሰው ሁሉ የሚያሰማው ጩኸት ነው። የፖለቲካው ነውጥ ለጩኸቱ ኀይል ሰጠው እንጂ ጩኸቱን አልወለደውም።

በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው ዐዋጅ ቍጥር 455/1997፥ የእርሻ መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ባለይዞታ፥ በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት ከሚከፈለው ሌላ፥ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ የመፈናቀያ ካሣ እንዲሰጠው ያዝዝ ነበር። እንግዲህ ጎን ለጎን የሚያርሱ ሁለት ገበሬዎችን በሐሳባችን እናቁም፤ የአንደኛው የጤፍ ማሳ ከማስወገጃው አጥር ውስጥ ሲገባ፥ የሁለተኛው በጥቂት ክንድ ርቀት ከአጥሩ ውጭ ይቀራል። የመጀመሪያው፥ ገንዘቡ ብዙም ይሁን ጥቂት፥ በሕግ የታወቀ ነገር ተቀብሎ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ግን መሬቱ ስላልተነካ በሕግ ዐይን እንደ ተጐዳ አይቈጠርምና፥ ሽታውን፥ ዝንቡን፥ የመኪናውን አቧራ፥ በክረምትም ከክምሩ ሥር የሚወርደውን ጥቍር ፍሳሽ ያለ አንዳች ምላሽ ዕድሜ ልኩን ይሸከማል፥ ከእርሱም በኋላ ለልጆቹ ያወርሳል። በኋላ የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1161/2011 ስሌቱን አሻሽሎ ማባዣውን ወደ 15 ከፍ አድርጎታል፤ ይሁን እንጂ የካሣው መነሻ ያው የመሬት መወሰድ ነው።

እርግጥ ነው፥ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ዐዋጅ ቍጥር 513/1999 የማስወገጃ ቦታ ባለቤት ጥፋት ባይገኝበትም እንኳ ለሚደርሰው ጕዳት ኀላፊ እንደሚሆን ደንግጎ ነበር፤ ይህም በራሱ የሚመሰገን ድንጋጌ ነው። ነገር ግን ላሙ የሞተችበት ገበሬ የሞተችው ከወንዙ ጠጥታ መሆኑን፥ የወንዙም ውሃ የተበከለው ከማስወገጃው በወጣ ፍሳሽ መሆኑን ለዳኛ እንዲያስረዳ ሲጠየቅ፥ የሚመረምርለት ባለሙያ፥ የሚከራከርለት ጠበቃ፥ ከእርሻው ተለይቶ የሚመላለስበት ጊዜ ከየት ያመጣል? መብቱ በወረቀት አለ፤ ወደ መብቱ የሚያደርሰው መንገድ ግን ከገበሬው ዐቅም በላይ ነው።

በኦሪት ሕግ እስራኤል ርኩስ የሆነውን ነገር ሁሉ ከሰፈር ውጭ እንዲያወጡ ታዝዘው ነበር፤ ከሰፈራቸው ውጭ የነበረው ግን ምድረ በዳ ነው። ከአዲስ አበባ ሰፈር ውጭ ያለው የሌላ ሰው ሰፈር፥ የሌላ ሰው ማሳና ቤተ ክርስቲያን፥ የሌላ ሰው መቃብር ነው። ከተማይቱ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ የሚመጣው ከሰንዳፋ ከማይርቀው ከለገዳዲ ግድብ ስለ ሆነ፥ ያ አገር ንጹሑን ሰጥቶ ርኩሱን እንዲቀበል ሲጠየቅ ቅሬታው የቱን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። የማስወገጃውን ነገር በሚመክረው የከተማው ምክር ቤት ውስጥ ደግሞ የሰንዳፋ ገበሬ የመረጠው ሰው የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ንኡስ አንቀጽ 5 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ያላትን ልዩ ጥቅም አውቆ ዝርዝሩን ለሕግ ትቶት ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. የቀረበው ረቂቅ ግን ሳይጸድቅ ቀረ። ረቂቁ ቢጸድቅ እንኳ በሁለት መንግሥታት መካከል የሚደረግ ስምምነት በአጥሩ ሥር ለሚኖረው ቤተ ሰብ መድረሱ አጠራጣሪ ነው።

እጅግ የሚያሳዝነው፥ ከተማይቱ ለቆሻሻ በመጠኑ ልክ መክፈልን የማታውቅ አለመሆኗ ነው። ነዋሪው የጽዳት አገልግሎቱን ዋጋ ከውሃ ሒሳቡ ጋር አብሮ ይከፍላል፤ ከየቤቱ የሚሰበስቡት የጽዳት ማኅበራትም ባነሡት መጠን ተለክቶ ይከፈላቸዋል። ስለዚህ ቆሻሻውን ለሚያነሣው ሰው ሚዛን ተበጅቶለታል፤ ለሚቀበለው ሰው ግን ሚዛን ያበጀለት የለም።

የዚህ ቸልታ ውጤት ከነገሩ ታሪክ ይልቅ ሊታሰብ ይገባል። ከሰንዳፋ የተመለሰው ቆሻሻ ያረፈው ከ50 ዓመት በላይ ሲከመርበት በኖረው፥ ነዳያን በሥሩ የጭቃና የላስቲክ ቤት ቀልሰው፥ ከላዩም ብረትና ፕላስቲክ እየለቀሙ በሚኖሩበት በረጲ ክምር ላይ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን፥ የሚበዙትም ሴቶችና ሕፃናት የነበሩትን፥ ከነቤታቸው ቀበረ፤ ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን። የሰንዳፋ መዘጋት የአደጋው ቀጥተኛ ሰበብ ነው ብዬ አልደመድምም፤ ክምሩ የዐሥርት ዓመታት ዕዳ ነበርና። ዳሩ ግን በአንዱ ጎረቤት ላይ የተሠራው ግፍ ሳይፈታ ሲቀር ሸክሙ ተመልሶ በሌላው፥ ይልቁንም መጮኽ በማይችለው ጎረቤት ላይ እንደ ወደቀ ማንም ሊክደው አይችልም።

በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የረጲ የኀይል ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ያህል እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ነውና፥ ብዙ ሰው ጣጣው በዚህ የተቋጨ መስሎት ነበር። ነገር ግን የእኛ ቆሻሻ አብዛኛው የአትክልት ልጣጭና የምግብ ትራፊ ስለ ሆነ እርጥበቱ ብዙ ነውና በቀላሉ አይቃጠልም፤ በክረምትማ ይብስበታል። በደኅና የተቃጠለውም ቢሆን ከክብደቱ ሩብ ገደማውን አመድ አድርጎ ይተወዋልና፥ ያ አመድ ራሱ የሚቀበርበት ስፍራ፥ ስፍራውም ጎረቤት ይፈልጋል።

ስለዚህ ምክር ቤቱ ስለ ማስወገጃ ሲመክር ከቦታው ስፋትና ከመኪናው ብዛት አስቀድሞ ሊወስነው የሚገባው የጎረቤቱን ድርሻ ነው። እስከ ዛሬ የተለመደው መንገድ፥ ጤና ጣቢያ ይሠራላችኋል፥ ውሃ ይገባላችኋል፥ ልጆቻችሁ ይቀጠራሉ የሚል ተስፋ መስጠት ነው፤ እነዚህ ነገሮች ግን ማስወገጃ ኖረም አልኖረም ለዜጋ ሁሉ የሚገቡ በመሆናቸው እንደ ካሣ መቈጠራቸውን አልቀበለውም፤ ተስፋውን የሰጠው ሹም በተዛወረ ጊዜም የሚያስታውሳቸው አይገኝም። የሚበጀው፥ ከውሃ ሒሳብ ጋር ከሚሰበሰበው ገንዘብ በየቶኑ የታወቀ ድርሻ ተለይቶ በየወሩ ለአዋሳኝ ቀበሌዎች እንዲገባ፥ የሚገባውንም ቶን ከከተማው ሠራተኛ ጋር የሚመዝን ሰው ገበሬዎቹ ራሳቸው እንዲመርጡ፥ የምንጭና የወንዝ ውሃ ገና አንድ መኪና ሳይራገፍ ተመርምሮ ውጤቱ በእጃቸው እንዲቀመጥ፥ ይህም ሁሉ በውል ተጽፎ እንዲፈረም ማድረግ ነው። ውሃው አስቀድሞ ከተመረመረ ላም የሞተችበት ሰው ለዳኛ የሚያሳየው ማስረጃ ይኖረዋል፤ ድርሻውም በቶን ከሆነ ከተማይቱ የምትልከውን ቆሻሻ መቀነስ ራሱ ወጪ ማዳን ይሆንላታል። ክፍያውም ጕድጓዱ በተዘጋ ቀን መቋረጥ የለበትም፤ በረጲ ከአደጋው በኋላ በጃፓን ድጋፍ ክምሩን ለማረጋጋት የተሠራው ሥራ እንዳሳየው፥ የተከማቸ ቆሻሻ መጣሉ ከቆመም በኋላ ለብዙ ዘመን ጋዝና ፍሳሽ ማውጣቱን አይተውምና።