ሽንት ስለ እርግዝና የሚሰጠው ምስክርነት

አንዲት ሴት አርግዛ እንደ ሆነ ለማወቅ ሽንቷ በላቦራቶሪ ሲመረመር፥ መርማሪው የሚፈልገው አንድ ሆርሞን ነው እንጂ ፅንሱን አያይም። ይህን ልዩነት አለማስተዋል የእናትን ሕይወት እስከ ማሳጣት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ምርመራው እንዴት እንደሚሠራና ምን ሊነግረን እንደማይችል በአጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን።

ሆርሞኑ ሂዩማን ኮሪዮኒክ ጎናዶትሮፒን ይባላል። ፅንሱ በማኅፀን ግድግዳ ላይ ሲጣበቅ፥ ኋላ የእንግዴ ልጅ የሚሆኑት ሕዋሳት ያመነጩታል፤ ከእናቲቱም ደም ወደ ሽንቷ ያልፋል። መጀመሪያ ላይ መጠኑ በየሁለት ቀኑ ያህል እጥፍ እየሆነ ያድጋል።

ይህን ሆርሞን ለመለየት የተገኘው የመጀመሪያው አስተማማኝ ምስክር የእንስሳ አካል ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. ሰልማር አሽሃይምና በርንሃርድ ጾንዴክ የተባሉ ሐኪሞች በርሊን ላይ የገለጹት ምርመራ፥ የሴቲቱን ሽንት ገና ላልደረሱ እንስት አይጦች በመርፌ መስጠት ነበር። አይጦቹ በአምስተኛው ቀን ተገድለው የእንቁላል ዕጢያቸው ሲታይ፥ በላዩ ደም የቋጠሩ ነጥቦች ከተገኙ ሴቲቱ አርግዛለች ይባል ነበር። በ1930 ዓ.ም. ደግሞ ላንስሎት ሆግቤን በኬፕታውን ሳለ፥ የበሬ ፒቱታሪ ዕጢ ጭማቂ ዜኖፐስ የተባለችውን የደቡብ አፍሪቃ እንቁራሪት እንቁላል እንደሚያስጥላት አስተዋለ። ከዚህ የተነሣው የእንቁራሪት ምርመራ በአንድ ቀን ውስጥ መልስ ይሰጥ ነበር፤ እንቁራሪቷም ስለማትገደል ደጋግማ ታገለግል ነበር።

በ1960 ዓ.ም. የስዊድን ሊቃውንት ዊዴና ጌምዜል ሕያው እንስሳ የማያስፈልገው ምርመራ አቀረቡ። ሆርሞኑን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ከሽንቱ ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያም ሆርሞኑ የተለጠፈባቸው የበግ ቀይ የደም ሕዋሳት ይጨመሩበታል። በሽንቱ ውስጥ ሆርሞን ካለ አንቲቦዲውን አስቀድሞ ስለሚይዘው ሕዋሳቱ እርስ በርሳቸው አይያያዙም።

ነገር ግን ይህ ሆርሞን ሉቲናይዚንግ ሆርሞን ከሚባለው የፒቱታሪ ሆርሞን ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል፥ አንዱ ሌላውን መስሎ ያሳስት ነበር። ሁለቱም አልፋና ቤታ የተባሉ ክፍሎች አሏቸው፤ የሚለያዩትም በቤታው ነው። በ1972 ዓ.ም. ቫይቱካይቲስ፥ ብራውንስታይንና ሮስ በአሜሪካ ቤታውን ለይቶ የሚያውቅ ምርመራ ገለጹ። ዛሬ በየጤና ጣቢያው የሚሠራበት ባለ መስመር ወረቀት በዚሁ መሠረት ላይ የቆመ ነው። ብዙዎቹ ወረቀቶች በ1 ሊትር ሽንት ውስጥ 25 ዓለም አቀፍ ዩኒት ያህል ሆርሞን ሲኖር ይለያሉ።

እንግዲህ ምስክሩ ከአይጥ ወደ ወረቀት ተለወጠ እንጂ ጥያቄው ያው ነው፤ ሆርሞኑ አለ ወይስ የለም? መልሱም ከዚህ አያልፍም። ምርመራው ያለ ጊዜው ከተደረገ ወይም ሽንቱ በብዙ ውሃ ከቀጠነ፥ ያረገዘች ሴት አላረገዘችም ልትባል ትችላለች። የጧት ሽንት የሚመረጠውም ሆርሞኑ በውስጡ ስለሚጠራቀም ነው።

ከዚህ የባሰው አደጋ ግን «አለ» በሚለው መልስ ላይ ይገኛል። ፅንሱ በማኅፀን ቱቦ ውስጥ ቢያድግም ሆርሞኑ ወደ ሽንት ይወርዳል፤ መስመሩም ይታያል። ቱቦው ሲፈነዳ ደም ወደ ሆድ ዕቃ ውስጥ ስለሚፈስ ሴቲቱ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። እንዲሁም የእንግዴ ልጅ ሕዋሳት ዕብጠት ያለ ሕያው ፅንስ ይህንኑ ሆርሞን በብዛት ያመነጫል።

ስለዚህ የሆድ ሕመም፥ የደም መፍሰስ ወይም ራስን መሳት ያለባት ሴት ወረቀቱ አርግዛለች ስላለ ብቻ «እንኳን ደስ ያለሽ» ተብላ ወደ ቤቷ መሰደድ የለባትም፤ ፅንሱ የት እንዳለ በሐኪምና በአልትራሳውንድ መታየት አለበት። መርማሪውም ሆርሞኑን ያላገኘ እንደ ሆነ «አልታየም» ብሎ ይጻፍ። «አልታየም» ማለት «የለም» ማለት አይደለምና፥ ጥርጣሬ ካለ ከጥቂት ቀናት በኋላ ምርመራው ይደገም።