አባ ነጋን በአውራ ጣት ቁመት

ከመቀሌ ወጣ ብሎ በኵሓ በኩል በሚገኘው በአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርድም የሚሳፈርም መንገደኛ ያንን ስም በሰማ ጊዜ፣ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የኢጣልያን ጦር ድል የነሡትን ራስ አሉላ እንግዳን ማሰቡ አይቀርም፤ «አባ ነጋ» ግን የፈረስ ስማቸው መሆኑን፣ ስለዚህም ማረፊያው ለጌታውም ለፈረሱም በአንድነት መታሰቢያ እንደ ሆነ ልብ የሚለው ጥቂቱ ነው። ስለ አንድ ጥበበ እድ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ፈረስ ነው።

ጥበቡ በታሪክ የታወቁትን ሰዎች፣ መድፎች፣ መኪናዎችና አውሮፕላኖች፣ የአካላቸውን ልክ ሁሉ በአንድ ቍጥር እያካፈሉ በንኡስ አምሳል መሥራት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1936 በእንግሊዝ አገር «ፍሮግ» በሚል ስም የወጡት የፕላስቲክ ተገጣጣሚዎች መስፈርታቸው 1 ለ72 ነበር፤ ስድስት ጫማ የሚረዝም ሰው አንድ ኢንች ይሆናል ማለት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ ጉዞውን ያደረገበት ሲ 47፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በዚህ መስፈርት 40 ሴንቲሜትር፣ ከክንድ ያነሰ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል።

አውሮፕላኑስ መልካም፤ ሠሪውን የሚፈትነው ፈረሰኛው ነው። በ1 ለ35 መስፈርት፣ እስከ ጫንቃው 140 ሴንቲሜትር የሚለካ ፈረስ 4 ሴንቲሜትር ይሆናል። ከውጭ በሣጥን ተሞልቶ የሚመጣው ፈረሰኛ ቦት ጫማውን በሰፊ እርካብ ውስጥ ያስገባ ነው፤ የራስ አሉላ ዘመን የኢትዮጵያ ፈረሰኛ ግን በባዶ እግሩ፣ በጠባቡ እርካብ አውራ ጣቱን ብቻ አግብቶ ይጋልብ ነበርና፣ ሠሪው ቦቱን በምላጭ ቈርጦ፣ እግሩን በጭቃ መሰል ማጣበቂያ ቀርጾ፣ አንድ ሚሊሜትር እንኳ ለማይሞላ ጣት የሚሆን ቀለበት ከመዳብ ሽቦ ሊያጐብጥ ግድ ይሆንበታል። ያ ፈረሰኛ በቀኙ ይታጠቅ ነበርና፣ ጐራዴውንም ከግራ ወደ ቀኝ ጐን ያዛውረዋል። መጽሐፍ አንባቢ «ራስ አሉላ በፈረስ ገሠገሡ» የሚለውን ቃል አንብቦ ያልፈዋል፤ አምሳል ሠሪ ግን እግራቸው የት እንደ ነበረ ሳያውቅ አንዲት እርምጃ መራመድ አይችልምና፣ እኔ ይህን ሥራ ከጨዋታ ይልቅ ከትምህርት የምቈጥረው ስለዚህ ነው።

በአገራችንም አምሳል እንግዳ አይደለም፤ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ መቅደላ አምባ ላይ ሲኖር፣ አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ያለው አምሳሉ ነው። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተሠራችው፣ ኢጣልያ ወስዳ በጥር 2016 ዓ.ም. የመለሰቻት «ፀሐይ» አውሮፕላንም ለእንዲህ ያለው እጅ የምትገባ ናት።

እንግዲህ ይህን ጥበብ ሊጀምር የሚወድ የመቀሌ ወጣት ቢኖር፣ የባዕድ ታንክ ከመግጠሙ አስቀድሞ አባ ነጋን ይሥራ፤ ምላጩንም ከማንሣቱ በፊት ኮርቻና ልጓም የሚያውቁ አባቶችን ስለ እርካቡ ይጠይቅ።