ጭብጨባው ለታችኛው፣ ጣጣው ለላይኛው

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13 ቀን 2024 ቴክሳስ፣ ቦካ ቺካ ላይ 70 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሱፐር ሄቪ፣ የስፔስኤክስ ስታርሺፕ ሮኬት ታችኛ ደረጃ፣ ከሰማይ ወርዶ በማስወንጨፊያ ማማው ሁለት ክንዶች መሃል ሲንጠለጠል ዓለም አጨበጨበ። ይገባዋልም። ግን አንድ ነገር ሹክ ልበላችሁ፤ የሮኬት ነዳፊን እንቅልፍ የሚነሳው እሱ አይደለም። የታችኛውን ደረጃ መልሶ ማሳረፍ በ2015 በፋልከን 9 ተጀምሮ ዛሬ የዘወትር ሥራ ሆኗል። ጣጣው ያለው ምሕዋር የሚገባው ላይኛው ደረጃ ዘንድ ነው። ስፔስኤክስ የፋልከን 9ን ላይኛ ደረጃም መልሶ ለመጠቀም አስቦ ነበር፤ ኋላ ተወው።

ሒሳቡ ጨካኝ ነው። ታችኛው ላይ ብዙ ኪሎ ቢጨመር ከጭነቱ የሚጎድለው ጥቂት ነው፤ ላይኛው ላይ ግን አንድ ኪሎ ሙቀት መከላከያ አንድ ኪሎ ሳተላይት ያስቀራል። ክንፉም፣ ለማረፊያ የሚቆጠበው ነዳጅም እንዲሁ። ከ100 ቶን በላይ ይሸከማል ሲባል የኖረው ስታርሺፕ፣ የ2024ቱ ሞዴል አቅሙ ከ40 እስከ 50 ቶን እንደሆነ የተናገረው የስፔስኤክስ አለቃ ኢሎን መስክ ራሱ ነው። ይህቺን ንግግር ብዙ ሰው ሳያስተውላት አለፈ።

የማማው ክንድም ለትርኢት አልተሠራም። ሮኬቱ ማረፊያ እግር ተሸክሞ ከሚበር፣ እግሩ መሬት ላይ ይቅር ተብሎ ነው። በዚያው የኦክቶበር ቀን ደግሞ ሱፐር ሄቪ ሲመለስ፣ በሁለቱ ደረጃዎች መካከል የነበረውን የብረት ቀለበት አውልቆ ባሕር ውስጥ ጥሎታል፤ ክብደት ለመቀነስ። «ምንም የማይጣልበት ሮኬት» ሲባል ፈገግ የምለው ለዚህ ነው።

ሌላው ሙቀት ነው። ታችኛው ደረጃ የሚለየው በሰዓት 5,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲበር ነው፤ ላይኛው ወደ ከባቢ አየር የሚመለሰው ከ26,000 በላይ ይዞ ነው። ፍጥነቱ አምስት እጥፍ ሊሞላ ሲቃረብ እያንዳንዱ ኪሎ የያዘው ጉልበት 20 እጥፍ ያልፋል። በጁን 2024 በስታርሺፕ አራተኛ በረራ የላይኛው ደረጃ አንዱ ክንፍ በቀጥታ ስርጭት ሲቀልጥ አይተናል። መንኮራኩሩ ግን ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ለስለስ ብሎ አረፈ። በካርቦን ፋይበር ፋንታ የማይዝግ ብረት መመረጡ ዋጋ ያወጣው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጥያቄ ጊዜ ነው፤ የተመለሰው መንኮራኩር ምን ያህል ፈጥኖ ዳግም ይበራል? ስታርሺፕ ሙቀት የሚከላከሉ 18,000 ያህል የሴራሚክ ጡቦች ለብሷል። የናሳ ስፔስ ሻትል 24,000 ገደማ ነበረው፤ ጡቡ አንድ በአንድ በሰው እጅ ይፈተሽ ስለነበር በታሪኩ ፈጣን የተባለው ዳግም በረራ፣ የአትላንቲስ በ1985፣ 54 ቀን ወስዷል። እስከ 2025 ማብቂያ አንድም የስታርሺፕ ላይኛ ደረጃ ዳግም አልበረረም።

ዋሽንግተን ግዛት ያለው ስቶክ ስፔስ የተባለ ኩባንያ ጡቡን ጨርሶ ትቶ፣ የመንኮራኩሩን የብረት ታች በፈሳሽ ሃይድሮጅን እያቀዘቀዘ ለመመለስ ነው ያሰበው። እኔን የሚጥመኝ ይህ ነው። ሃይድሮጅን ግን ስስ ስለሆነ ትልቅ ታንክ ይፈልጋል፤ ትልቅ ታንክ ደግሞ መልሶ ክብደት ነው።