ካምቢዮ ሲለወጥ ሻፍቱም ሒሳብ ውስጥ ይግባ

ሶማሌ ተራ ለአሮጌ ቶዮታ ፒክአፕ ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ የሚያፈላልግ ባለንብረት ብዙውን ጊዜ የሚከራከረው በካምቢዮው ዋጋ ላይ ነው። ወጪው ግን እዚያ አያበቃም። ባለ 4 ማርሹ ወርዶ ሌላው ሲገጠም ርዝመቱ ከተለያየ፣ ኃይሉን ወደ ዲፈረንሻል የሚያደርሰው ሻፍት ወይ ይቆረጣል ወይ ይቀጠላል።

ካምቢዮው ቦታው ላይ ሳይታሰር ሻፍት ማስቆረጥ ገንዘብ መጣል ነው። ልኩ የሚወሰደው መኪናው በጎማው ቆሞ ነው፤ በክሪክ ተነስቶ አክስሉ ከተንጠለጠለ ልኩ ይሳሳታል። ባሌስትራው ሲጫወት ሻፍቱ ወደ ካምቢዮው የሚገባበት 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተትም ይተዋል። ይህ ከተረሳ መኪናው ጉድጓድ ሲመታ ሻፍቱ ካምቢዮውን ከውስጥ ይገፋዋል፤ የሚጎዳው እንግዲህ ያ የተከራከሩበት ዕቃ ነው።

የሁለቱ ጫፍ ክሮቼራዎች አንድ መስመር ይዘው ካልተበየዱ፣ ሻፍቱም ባላንስ ካልተደረገ፣ ፍጥነት ሲጨምር መኪናው ይንቀጠቀጣል። ቆርጦ የሚበይድ ቶርኖ ቤት ሁሉ ባላንስ ያደርጋል ማለት አይደለም፤ ከመስማማት በፊት ይጠየቅ።

ደላሎችም ቢሆኑ አንድ ነገር ይወቁ፦ ካምቢዮው ውስጥ የሚገባው የሻፍቱ ጥርሳም ጫፍ አብሮ ካልተሸጠ፣ የአሮጌው ጥርስ ላይገጥም ስለሚችል ዋጋው ይቀነስ።