«በእኛ ዘር የለም»

«በእኛ ዘር የለም።» «የፈረንጅ በሽታ ነው።» «ምንም ሳያመኝ ለምን እመረመራለሁ?» በአሜሪካና በአውሮፓ ከሚኖሩ እህቶቻችን ጋር ስለ ጡት ካንሰር ሲነሳ ደጋግመን የምንሰማው መልስ ይህ ነው። ገፋ አድርገን ስንጠይቅማ «ኧረ አታሟርቱብን!» እንባላለን።

ያለ ምክንያት አይደለም። እናቶቻቸው በልጅነታቸው አግብተው፣ ብዙ ወልደው፣ እያንዳንዱን ልጅ እስከ ሁለት ዓመት አጥብተዋል። ማጥባት ደግሞ በእርግጥ ይጠቅማል። በ2002 (እ.ኤ.አ.) የ30 አገሮች 47 ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ፣ አንዲት ሴት 12 ወር ባጠባች ቁጥር በበሽታው የመያዝ ዕድሏ በ4.3 ከመቶ ይቀንሳል። ለንደን ወይም ሚኒያፖሊስ ያለችው ልጅ ግን ዘግይታ ትወልዳለች፤ ሥራ ስለሚጠብቃት በጥቂት ወራት ጡጦ ታስለምዳለች። የምትቆጥረው ግን የእናቷን ዕድል ነው።

በ1993 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት የቻይና፣ የጃፓንና የፊሊፒንስ ተወላጅ ሴቶችን ተመልክቶ ነበር። ከእስያ መጥተው በምዕራቡ ዓለም 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የኖሩት፣ ከአዲስ መጪዎቹ ይልቅ የመያዝ ዕድላቸው በ80 ከመቶ በልጦ ተገኘ። ዘራቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው አኗኗራቸው ነው። (የፈረንጅ በሽታ ነው መባሉም አያስኬድም፤ በአገራችንም ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች ቀዳሚው ይኸው ነው።)

ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ በቤተሰባቸው በዚህ በሽታ የታመመ የላቸውም። ደግሞስ ስሙ በማይጠራበት ቤት በዘር መኖር አለመኖሩን ማን ያውቃል? አያት በምን ሞቱ ቢባል «ትንሽ አሟቸው ነበር» ነው መልሱ። ሕመም እስኪሰማ መጠበቅም አያዋጣም፤ እብጠቱ መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አያምም።

«አላህ የጻፈው አይቀርም» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ቀደርን ያስተማሩን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መታከምንም አዘዋል። በወንድ ባለሙያ ፊት መገለጥን የሚፈሩ እህቶች ሐያቸው የሚደነቅ ነው፤ በእንግሊዝ ግን የጡት ራጅ የሚያነሱት ሴቶች ብቻ ናቸው። በሌላም አገር ሴት ባለሙያ እንድትመደብ መጠየቅ ነውር የለውም።

በእንግሊዝ ከ50 ዓመት እስከ 71ኛ ልደት ድረስ በየ3 ዓመቱ የጥሪ ደብዳቤ ይላካል። በአሜሪካ በ2024 (እ.ኤ.አ.) የወጣው መመሪያ ከ40 እስከ 74 ዓመት ላሉት በየ2 ዓመቱ ይላል። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር የሚጣልበት ቤት አለና፣ ተማሪ ልጆች ለእናቶቻችሁ አንብቡላቸው። እብጠት፣ የቆዳ መሸብሸብ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ከጫፉ የሚወጣ ደም ያየች እህት ግን ደብዳቤም ዕድሜም ሳትጠብቅ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ትሂድ።