በኢንተርኔት የሚዘረፍ ዘፈን እንዴት ይጠበቃል?

እ.ኤ.አ. በ1999 ሾን ፋኒንግ የተባለ ቦስተን የሚማር የኮሌጅ ተማሪ ናፕስተር የሚባል ፕሮግራም ለቀቀ። አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀመጠውን ዘፈን ሌላው ያለ ክፍያ በቀጥታ ይወስድበታል። ዘፈኖቹ ናፕስተር ዘንድ አይቀመጡም ነበር፤ የትኛው ዘፈን ማን ጋ እንዳለ የሚጠቁመው ማውጫ ግን በድርጅቱ እጅ ነበር። አሳታሚ ኩባንያዎች ድርጅቱን ከሰሱ፤ ናፕስተር በ2001 ተዘጋ።

እንደ ካዛ ያሉት ተተኪዎች ማውጫውን ለተጠቃሚዎች ኮምፒውተሮች በተኑት። አንድ ቦታ ዘግቶ ሁሉን ማስቆም ስላልተቻለ፣ የአሜሪካ አሳታሚዎች ማኅበር ወደ አድማጩ ዞረ፤ በሴፕቴምበር 2003 በአንድ ቀን 261 ሰዎችን ከሰሰ። መርማሪዎቹ እንደ ማንኛውም ተጠቃሚ ገብተው ዘፈን የሚያጋራውን ሰው አይፒ አድራሻ ይመዘግባሉ፤ ከዚያ የኢንተርኔት አቅራቢው የደንበኛውን ስም እንዲሰጥ በፍርድ ቤት ያስገድዱታል። አድራሻው ግን የሚናገረው መስመሩ በማን ስም እንደገባ ብቻ ነው፤ ዘፈኑን ልጅ ያውርደው እንግዳ አያሳይም። ከመጀመሪያዎቹ ተከሳሾች አንዷ የ12 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ጉዳይዋ በ2,000 ዶላር ተቋጨ። 24 ዘፈኖችን በማጋራት የተከሰሰች አንዲት እናት ደግሞ፣ ከዓመታት ክርክር በኋላ፣ የ222,000 ዶላር ፍርድ ጸናባት። የአሜሪካ ሕግ ለአንድ ሥራ ብቻ እስከ 150,000 ዶላር ካሳ ይፈቅዳልና።

ማኅበሩ 35,000 ያህል ሰዎችን ካሳደደ በኋላ፣ በ2008 መጨረሻ ይህን መንገድ መተዉን አስታወቀ። ዘፋኝ የድካሙን ዋጋ ማግኘት አለበት፤ በዚህ አልደራደርም። ቤተሰብን በክስ ማስጨነቅ ግን ዝርፊያውንም አላስቆመም። አድማጩን የመለሰው የተሻለ አማራጭ ነው፦ በ2003 አንድ ዘፈን በ99 የአሜሪካ ሳንቲም መሸጥ የጀመረው የአፕል የኢንተርኔት መደብር፣ ቀጥሎም በ2008 ሥራ የጀመረው፣ ዘፈን በኢንተርኔት የሚያሰማው ስፖቲፋይ።

ለእኛ አድማጮችና ዘፋኞች ዛሬ ይበልጥ የሚቀርበን ዩቲዩብ በ2007 የጀመረው ኮንቴንት አይዲ ነው። ባለመብቱ ወይም ወኪሉ የዘፈኑን ቅጂ ያስገባል፤ ሥርዓቱ ከድምፁ እንደ ጣት አሻራ ያለ መለያ ያወጣና አዲስ የሚጫነውን ቪዲዮ ሁሉ ከዚያ ጋር ያመሳክራል። ዘፈኑ ከተገኘ ባለመብቱ ቪዲዮውን ማሳገድ ወይም የማስታወቂያ ገቢውን መውሰድ ይችላል። የአማርኛ ዘፈንም በዚሁ ያልፋል።

ሆኖም ማሽኑ ድምፅ ያመሳክራል፤ ውል አያነብም። በካሴት ዘመን የተቀዳ፣ ባለቤትነቱ በወረቀት ያልተለየ ዘፈን ባለመብት ያልሆነ ሰው ካስመዘገበው፣ ገቢው ወደዚያው ሰው ይሄዳል። ስለዚህ ዘፋኙ፣ የግጥምና የዜማ ደራሲዎቹ፣ ሙዚቃ ቤቱም ድርሻቸውን አስቀድመው በጽሑፍ ቢለዩ ይበጃል። ያለ አግባብ የባለመብትነት ጥያቄ የተነሳበት የቻናል ባለቤት እዚያው ዩቲዩብ ላይ መቃወም ይችላል፤ ጠያቂው በ30 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ ጥያቄው ይነሳል።